የባለቤቴ ደንበኛ

በፔሩ፣ በአሬኪፓ ከተማ ለሠላሳ አንድ ዓመት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስም ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። የራሱን ስም፣ የአባቱንና የእናቱን የቤተሰብ ስም አሟልቶ ያልመጣ ሰው፣ መስኮቴ ፊት ቆሞ ቢያየኝም ለእኔ የለም። ስንቱን «ስምህን አሟልተህ ና» ብዬ መልሻለሁ።

ወረርሽኙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ትእዛዝ ወጣ። ወንዶች ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሴቶች ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ከቤት ይውጡ ተባለ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ገበያ ወርጄ የማላውቀው እኔ፣ በመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት ዘንቢል አንጠልጥዬ በራችን ላይ ቆምኩ።

ባለቤቴ ኦርቴንሲያ የሚገዛውን በትልልቅ ፊደል ጽፋ ሰጠችኝ። ድንች፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እስር የዋካታይ ማጣፈጫ ቅጠል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ትእዛዝ ነበር፦ «ሁሉንም ከደንበኛዬ።»

«ደንበኛሽ ማን ናት?» አልኳት።

«ደንበኛዬ ናታ!»

«ስሟን ነው የምጠይቅሽ።»

ኦርቴንሲያ ትንሽ አሰበች። «ደንበኛዬ ነው የምላት።»

«እሷስ አንቺን ምን ትልሻለች?»

«ደንበኛዬ ትለኛለች።»

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ሴት ድንች ገዝተሽ ስሟን አታውቂም?»

«ምን ይሠራልኛል? ክርስትና ላነሳት ነው እንዴ?»

«እሺ፣ በምን ልለያት?»

«በሥጋ ቤቶቹ በኩል ስትገባ ሦስተኛዋ ናት። ወፈር ያለች። ስትስቅ ደግሞ እዚህ ጋ» አለች ጉንጯን በጣቷ እየነካች፣ «የወርቅ ጥርስ አላት። ልትስታት አትችልም።»

ከኦርቴንሲያም ከእኔም አእምሮ አንድ ትልቅ ነገር እንዳመለጠ ያወቅሁት ገበያው ስደርስ ነው።

በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ጫማዬን በረኪና ውስጥ አስነክሮ፣ እጄ ላይ አልኮል ረጭቶ አስገባኝ። ውስጡ ወንድ በወንድ ነበር። ግማሹ ስልኩን ሽንኩርት ላይ ደግኖ ከሚስቱ ጋር ይጯጯሃል። «ይቺ ናት? ኧረ ተይ፣ ይቺማ ቲማቲም ናት!» አንድ ጢማቸው ከማስኩ ግራና ቀኝ የሚወጣ የጦር ጡረተኛ፣ በሁለት እጃቸው ሁለት አረንጓዴ ቅጠል ይዘው የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፍቷቸዋል። ሊያሸቱ ማስካቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ፖሊሱ «አባት! አፍንጫ!» ብሎ ጮኸባቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ሁለቱንም ገዙ።

«ሦስተኛዋ» የሚባል ነገር አልነበረም። ርቀት ይጠበቅ ተብሎ መደቦቹ አንድ እየዘለሉ ተነሥተዋል፤ ግማሾቹ ሻጮች ወደ ጓሮ ሄደዋል። ወፈር ያለችም አልጠቀመኝም፤ በዚያ ብርድ ሦስት ሹራብ ያልደረበች ሴት የለችም። የወርቅ ጥርሱን ግን ምን ላድርገው? ሁሉም እስከ ዓይናቸው ተሸፍነዋል።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በዚያ ሰሞን ጉሮሮ መጥረግ ደግ አልነበረም፤ ሦስት ሰው ሸሸኝ።

«ይቅርታ እናቶች፣ የባለቤቴ ደንበኛ የትኛዋ ናት?»

«እኔ ነኝ አባቴ!» አለች አንዷ ወዲያው።

«እኔ ነኝ እንጂ! ይምጡ ደንበኛዬ፣ ይምጡ!»

«ውሸቷን ነው! ባለቤትዎን የማውቃት እኔ ነኝ፣ ያቺን የመሰለች ደግ ሴት!»

ዘጠኝ ሆኑ። ድምፅዋ ከሁሉም የሚያይለዋ ጋ ጠጋ አልኩና፣ እንደ ሥራዬ ልማድ ማስረጃ ጠየቅሁ።

«የወርቅ ጥርስ አለሽ?»

«ሁለት አለኝ!»

«ማየት እችላለሁ?»

«አባቴ፣ በዚህ ዘመን ማን ጥርሱን ያሳያል?»

እውነቷን ነው አልኩና ዘንቢሉን አቀበልኳት። ሞላችው፤ በላዩ ላይ ሦስት ካሮት መረቀችልኝ። በኩራት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ኦርቴንሲያ አንዱን ድንች ለሁለት ሰነጠቀችው። ውስጡ ጥቁር ነበር። ሁለተኛውንም ሰነጠቀች።

«ይሄ የደንበኛዬ ድንች አይደለም።»

«ድንች ድንች ነው።»

በማግስቱ ቅዳሜ እሷ ሄደች፤ ስትመለስ ዘንቢሉ ባዶ፣ ፊቷም እንደዚያው ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ማስኩን እንኳ አላወለቀችም።

«አይታሃለች» አለችኝ። «ከአንተ አራት እርምጃ ራቅ ብላ ነበረች። አንተን አታውቅም፤ ዘንቢሉን ግን ታውቀዋለች። "ዘንቢልሽ ትናንት ሌላ ቤት ሲበላ አየሁት" አለችኝ።»

«ታዲያ በስሕተት ነው አላልሻትም?»

«መች አስተነፈሰችኝ! "ምን ልታዘዝ፣ እመቤት?" ነው ያለችኝ። እመቤት! እኔን!» እንባዋ መጣ። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ደንበኛዬ ስትለኝ ኖራ፣ እመቤት!»

በዚያ ሰሞን ደንበኛ የሌለው ሰው ምስኪን ነበር። ሎሚና ዝንጅብል ያድናል ተብሎ ከመደብ ላይ ጠፍቷል፤ እንቁላልም እንደዚያው። ያለው ሁሉ ከመደቡ ሥር ተደብቆ፣ የሚወጣው ለደንበኛ ብቻ ነው። የስቅለት ዓርብ ደግሞ እየመጣ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ያን ቀን የሚጾመው ሥጋ ብቻ ነውና፣ ዱባ፣ እሸት ባቄላና አይብ የሚገባበት የዓርብ ሾርባ ሳይሠራ ያለፈ ዓመት በቤታችን የለም። ግን ኦርቴንሲያን ያስለቀሳት ሾርባው አልነበረም። እኔ ቢሮ ስውል፣ በኋላም ጡረታ ወጥቼ ጋዜጣ ሳነብ፣ እሷ ከማን ጋር ስትጫወት እንደኖረች ያን ቀን ገባኝ።

ሰኞ፣ ኦርቴንሲያ በሣለችልኝ ካርታ እየተመራሁ፣ ትክክለኛዋ ሴት ፊት ቆምኩ። በትከሻዬ አሻግራ አየችና «ቀጣይ!» አለች።

«ቀጣዩ እኔ ነኝ።»

«ቀጣይ!»

ዞሬ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም «ቀጣይ!» አለችኝ። በሦስተኛው ከኋላዬ የደረሱት የጦር ጡረተኛው ነበሩ። «አይዞህ ወንድሜ» አሉኝ፣ «እኔ ቤቴም ውስጥ እንዲህ ነው የሚያደርጉኝ።»

ማክሰኞ የከተማዋ ሴት ሁሉ ባንድ ቀን ወጣ፤ ሰልፉ አደባባዩን ዞሮ ራሱ ላይ ተጠመጠመ። ኦርቴንሲያ አራት ሰዓት ቆማ ሁለት ራስ ሽንኩርት ይዛ ተመለሰች። ማታ ሬዲዮው ሐሙስና ዓርብ ወንድም ሆነ ሴት ከቤት እንዳይወጣ ብሎ አረፈው። የቀረችው ረቡዕ ናት። ረቡዕ የእኔ ቀን ነው።

«ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ አንተው አስተካክል።»

«ምን ልበላት?»

«እኔ እንጃ። የተማርከው አንተ አይደለህ?»

ሌሊቱን ንግግር ሳዘጋጅ አደርኩ። ረቡዕ ጠዋት ተራዬ ሲደርስ፣ ቀጣይ ከማለቷ በፊት ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ስሜ ኤውሴቢዮ ሴጋራ ባልዲቪያ ይባላል። የኦርቴንሲያ ቾኬ ባለቤት ነኝ።»

«ኦርቴንሲያ የምትባል አላውቅም።»

እየዋሸች አልነበረም። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ በዚያ ስም ላይ የቆመ ስለነበር ተናደ። ሌላ ስላጣሁ ዘንቢሉን ወደ ላይ ከፍ አደረግሁት።

«የዚህ ባለቤት ባል።»

ዘንቢሉን አየች። ቀጥላ እኔን ከጫማዬ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ላይ ለካችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«አሃ!» አለች። «የሾርባውን ሽንኩርት እየለቀመ የሳህኑ ጠርዝ ላይ የሚደረድረው!»

ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ።

«ሲያንኮራፋ ጎረቤት ግድግዳ የሚመታበት! ለአማቱ ቀብር ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ የሄደው!»

«በጨለማ ነው ያደረግሁት...»

«ለሃያ አምስተኛ ዓመት ጋብቻው ለሚስቱ ጃንጥላ የገዛላት! ዝናብ በማያውቅ ከተማ!»

«ይሄስ ይቅር አይባልም» አሉ የጦር ጡረተኛው ከሰልፉ ውስጥ።

እኔ የከተማውን ሰው ሁሉ መዝገብ ስይዝ ኖሬያለሁ፤ ይቺ ሴት ደግሞ ያለ ወረቀት፣ ያለ ብዕር፣ የእኔን ስትይዝ ኖራለች። አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም።

«ታዲያ ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?» አለች።

«ጌታዬ» የምትለዋ ቃል ያን ያህል ትቆረጥማለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ድንቹ...» አልኩ። «ውስጡ ጥቁር ነበር።»

«የቱ ድንች?»

«የዓርቡ።»

«ከማን ነው የገዙት?»

ከማን እንደገዛሁ ታውቃለች። የረድፉ ሻጭ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ድምፀ ትልቋ ሴትዮ አራት እርምጃ ራቅ ብላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

«ከ... ከዚያች።»

«አልሰማሁም። ማስኩ ነው መሰለኝ።»

«ከዚያች ነው የገዛሁት!» ጮህኩ። «ውስጡ ጥቁር ነበር! ባለቤቴ ሰንጥቃ አይታ "ይሄ የደንበኛዬ ድንች አይደለም" አለች! አንዱንም ሳትቀምስ ለጎረቤት ዶሮ ሰጠችው!»

«ጥቁር አንጀትህ ነው!» አለች ያቺኛዋ። «ካሮቴን መልስ!»

የባለቤቴ ደንበኛ ግን ወደዚያ ዞር አላለችም። «እንዲህ አለች?» አለች ዝግ ብላ። «የደንበኛዬ ድንች አይደለም አለች?»

«በዚሁ ቃል።»

የማስኳ አንድ ጎን ከፍ ሲል አየሁ። ጎንበስ አለችና ከመደቡ ሥር አንድ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣች። የዱባ ቁራጭ፣ እሸት ባቄላ፣ በቅጠል የተጠቀለለ አይብ፣ አራት ሎሚ። ቋጠሮው ያን ጠዋት የታሰረ አይመስልም ነበር።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከቅዳሜ።»

«አኩርፈሽ አልነበር?»

«ኩርፊያ ሌላ፣ ዱባ ሌላ።» ድንቹን አንድ በአንድ እየመረጠች ዘንቢሉን ሞላችና፣ በላዩ ሁለት እፍኝ ባቄላ ጨመረች። «ይቺ ምራቂ ናት። ለእሷ ነው የመረቅሁት፣ ለእርስዎ አይደለም።»

«ስምሽን ልትነግሪኝ ትችያለሽ?»

«ለምን? ሊከሱኝ ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ ድምፅዋን ቀነሰች። «ይልቅ ረጅሙ መብላት ጀምሯል ብላሻለች ብለው ይንገሩልኝ።»

«ረጅሙ ማን ነው?»

«ቀጣይ!»

ቤት ስደርስ ኦርቴንሲያ ግቢ ውስጥ በረኪና ውኃና ጨርቅ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ዱባውን ስታይ ደስ አላት፤ ወዲያው ትወለውለው ጀመር። መልእክቱን ነገርኳት። እጇ ቆመ። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና አማተበች።

«ተመስገን» አለች። «ተመስገን።»

«ረጅሙ ማን ነው?»

«ሊማ ያለው ልጇ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ በሽታው ይዞት። መንገድ ተዘግቶ ሄዳ እንኳ አላየችውም። ቅዳሜ እንዴት ሆነ ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ነው እመቤት ያለችኝ።»

«ስሙስ ማን ነው?»

«አንተ ደግሞ!» አለችና ጨርቁን ወረወረችብኝ።

ዓርብ ሾርባችንን እየበላን ሳለ ሬዲዮው ትእዛዙ መሻሩን ተናገረ። ከዚህ በኋላ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ በማንኛውም ቀን ይውጣ ተባለ። ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቼ ጢሜን ተላጨሁ፤ ንጹሕ ማስክ አደረግሁ፤ ዘንቢሉን ብፈልግ አጣሁት። በር ላይ ነበር፤ ኦርቴንሲያ ክንድ ላይ።

«የወንድና የሴት ቀን ቀርቷል እኮ» አልኳት።

«ሕጉ ተሻረ እንጂ ቅዳሜ አልተሻረም።»

«ድንች መምረጥ ለምጃለሁ።»

«አንተ?»

«ዝንጅብልም ትሰጠኛለች። አሁን ታውቀኛለች።»

«እሱማ ታውቅሃለች» አለችና በሩን ከፈተች።

እስከ ደጃፉ ተከተልኳት፤ ከዚያ ማለፍ አይፈቀድልኝም። ጎረቤቶቻችን በየመስኮቱ ብቅ ብቅ ብለዋል።

«እሺ፣ ደንበኛችንን ሰላም በይልኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«የማን ደንበኛ?» አለች ኦርቴንሲያ፣ ዞር ሳትል።