ዋስ ያለው ሰው

ጭምት አዲስ ሰው የምትቀበለው ዋስ ሲኖረው ብቻ ነው። በየቤታቸው ወንድ እየተቀበሉ ለየብቻ የሚሠሩት ሴቶች ዋስ የሚሏት፣ ሰውየውን ከዚያ በፊት ያስተናገደችውን ጓደኛቸውን ነው። ይደወልላትና «ሰክሮ ይመጣል? እጁን ይሰበስባል? ሂድ ሲሉት ይሄዳል?» ተብላ ትጠየቃለች። በገዛ ድምፅዋ ካልመለሰች በሩ አይከፈትም።

ጭምት ብለው ስም ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው። ከሁሉም አብዝታ የምትቀልድባት ቀጮ ነበረች። «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ!» ትላታለች። «እንዲህ ስታጣሪ አርጅተሽ ቁጭ ትያለሽ፤ ያኔ የሚመጣልሽ ሐኪም ብቻ ነው።» ጭምት አብራ ትስቃለች፤ ቀልዱ ግን ይወጋታል።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ሰው ደወለ። ረጋ ያለ፣ ቃል መርጦ የሚናገር ሰው ነው።

«ቀጮ ታውቀኛለች፤ ጠይቂያት» አለ።

ለቀጮ ደወለች፤ አላነሳችም። ወዲያው መልእክት ገባ፦ «አውቀዋለሁ። ጨዋ ሰው ነው። እንግዳ ይዣለሁ፤ ማውራት አልችልም።»

ቆይታ ደውላ ድምፅዋን ልትሰማ አሰበችና ተወችው። ብትደውል ነገ መሳቂያ መሆኗ ነው። ለሰውየው ቤቷን ነገረችው።

ስልኩን አስቀመጠች። አንሶላ ቀየረች። መስኮቱን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። መልእክቱን ደግማ አነበበች። ቀጮ መጻፍ ሞቷ ነው፤ ሁሌም ድምፅዋን ቀድታ ነው የምትልከው፤ ያውም ሳትሳደብ ወሬ አትጀምርም። እዚህ ላይ አንድም ስድብ የለም።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ጭምት ተጣድፋ ለቀጮ ደወለች።

ከበሩ ማዶ ሕፃን ሳቀ።

የቀጮ ስልክ ጥሪ ነው፤ የልጇን ሳቅ ቀድታ ነው ያስገባችው። ጭምት ጥሪውን ዘጋች። ሳቁም ተቋረጠ።

«እህቴ፣» አለ ሰውየው ከውጭ፣ «ስልኳን እኔ ጋ ረስታው ነው። ልመልስላት ብዬ ነው የያዝኩት። ክፈቺ።»

«እሺ፣ ልብሴን ልልበስ። ትንሽ ይታገሡኝ።» ጫማዋን አንስታ በተረከዙ ወለሉን መታች። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ይህን ሲሰማ እንዲወጣ ተነጋግረዋል። የስፌት መኪናው ድምፅ ግን አላቋረጠም። ደግማ መታች።

የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ። «ክፈቺ አልኩሽ!» አሁን ቃል አይመርጥም።

መኪናው ጸጥ አለ። ከባድ እርምጃ ደረጃውን ወጣ።

«ልጄ፣ ቀሚስሽ ደርሷል፤ ነይና ለኪው!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሕንፃው እስኪያስተጋባ። «አንተስ ማነህ? ሱሪ ልታሰፋ ከሆነ ሱቁ ታች ነው።»

ሰውየው ደረጃውን ፈጥኖ ወረደ።

ጭምት ጊዜ አላጠፋችም። «ጋሼ፣ ውለታዎን እግዜር ይክፈልልኝ» ብላ፣ ሰውየው ከመንገዱ መሰወሩን በመስኮት አይታ፣ ወደ ቀጮ ቤት ሮጠች። ስልኳ እሱ ጋ ከሆነ እሷስ የት ናት?

ደጋግማ አንኳኳች፤ ስሟን ጠራች። በሩ ገርበብ አለ። ቀጮ በሕይወት አለች፤ ከንፈሯ ግን አብጦ ተሰንጥቋል።

«ትናንት ነው። አንገቴን ይዞ የስልኩን መክፈቻ አስነገረኝ። ከዚያ ይዞት ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

ቀጮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «መጥቼ ምን ልበልሽ? በማጣራትሽ ስስቅብሽ ኖሬ፣ እኔ ያለ ዋስ አስገባሁት ልበልሽ? በሞቴ፣ ለሌሎቹ አትንገሪ። መጠቋቆሚያ አታድርጊኝ።»

ጭምት ልትቆጣት አፏን ከፈተች። እሷም ያንኑ ሳቅ ፈርታ አልነበር ደግማ ሳትደውል የቀረችው?

«ሁላችንም እዚያ ስልክ ውስጥ ነን» አለች ቀስ ብላ። «አሁን የሁላችንም ዋስ እሱ ሆኗል።»

ከጓደኞቻቸው ሁሉ በዕድሜ ለምታንሰው፣ ለሚጡ ደወለችና ስልኩን ለቀጮ ሰጠቻት። ቀጮ አየቻት፤ ከዚያ ተቀበለቻት።

«ሄሎ፣ ሚጡ? እኔ ነኝ፣ ቀጮ።»

«ውይ ቀጮዬ! ምነው ድምፅሽ? ያ ጨዋ ነው ያልሽኝ ሰውዬ እኮ ደረሰ፤ እያንኳኳ ነው። ቆይ አንዴ ልክፈትለትና...»

«አትክፈቺ!» ቀጮ ስትጮህ ከንፈሯ እንደገና ደማ። «እኔ አይደለሁም የጻፍኩልሽ! ሚጡ፣ በእናትሽ፣ አትክፈቺ!»

ጭምት ወደ ሚጡ ሰፈር ለመሮጥ በሩን ከፍታ ነበር። የሚጡን መልስ ሳትሰማ መሄድ አቅቷት ደፉ ላይ ቆመች። በስልኩ ውስጥ የበር ድብደባ ይሰማል። ከዚያ ቁልፍ ሲዞር፣ ደግሞ ሲዞር።

«ቆልፌዋለሁ» አለች ሚጡ በሹክሹክታ። «ቀጮዬ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው። አውሪኝ።»