አሥራ አራት ፊደል

ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ይማም የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ሳይወድ በግዱ የምሽጉ አስተርጓሚ ሆነ። በወጣትነቱ አሥመራ ሲነግድ ጣሊያንኛ መልመዱን ሰው ጠቁሞበት የምሽጉ አዛዥ የሆነው ሻምበል አስጠራው። ከዚያ ወዲህ ሱቁን ለሚስቱ ለዘይነብ ትቶ እሱ ምሽጉ ያለበት ኮረብታ ላይ ይውላል።

ምሽጉ ውስጥ አንድ የመብራት ሞተር ነበር። የሚጠብቀው ሮኮ የሚባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲሆን፣ ጥንቁቅ ሰው ስለነበር አንዲት አምፖል እንኳ ከመስቀሉ በፊት በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይደምራል። ይማም አጠገቡ ቆሞ ሲያይ ስለሚውል ሂሳቡን ያስረዳው ጀመር።

"ይህ ሞተር የሚችለው ሦስት ሺህ ዋት ነው" አለው አንድ ቀን። "የእስረኞቹን ግቢ የሚያበራው ባውዛ ብቻውን አንድ ሺህ ይወስዳል። የመኮንኖቹ ቤትና ቢሮው ሠላሳ አምፖል አላቸው፤ እያንዳንዱ ሃምሳ ዋት ነው፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሆነ። ስንት ቀረኝ?"

"አምስት መቶ።"

"ከዚያ ካለፍኩ ቫልቮላው ይቀልጣል።" ቫልቮላ የሚለው ጭነት ሲበዛ ቀድማ ተቃጥላ ሞተሩን እንድታድን የተደረገች ቀጭን ሽቦ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ከጎንደር ጄኔራል ሊመጣ ነው ተባለ። ሻምበሉም ከተማውን በሚያየው ግንብ ላይ "ሮማ" የሚል ጽሑፍ በጣሊያንኛ ፊደል፣ በአምፖል እንዲጻፍ አዘዘ። ሮኮ ጠመኔውን አነሳ። ለአንድ ፊደል ስምንት ትንንሽ አምፖል፣ እያንዳንዱ አሥራ አምስት ዋት፣ መቶ ሃያ። አራት ፊደል፣ አራት መቶ ሰማንያ።

"ሃያ ዋት ተረፈችኝ" አለ ደስ ብሎት።

በማግስቱ እቴነሽ ወደ ይማም ሱቅ መጣች። ወንድሟ ጌጡ ለአርበኞች እህል ሲያጓጉዝ ተይዞ ምሽጉ ውስጥ ታስሯል። ለጌጡ ስንቅ የምታመላልሰው እሷ ነች።

"አያ ይማም፣ ጄኔራሉ ሲመለስ እስረኞቹን ይዟቸው ይሄዳል እየተባለ ነው" አለችው። "ከሄዱ አይመለሱም። የጓሮው ግንብ አጭር ነው፣ ጌጡ ይዘለዋል። ያስቸገረው ያ መብራት ነው።"

ይማም የያዘውን አቡጀዲ አጣጥፎ አስቀመጠና "አለቃ እሸቴ ቤታቸው ይኖሩ ይሆን?" ሲል ጠየቃት።

አለቃ እሸቴ የደብሩ አለቃ ናቸው። ሲቀልዱ ፊታቸው ፍትሐት ላይ የቆሙ ስለሚመስል፣ ሰው መሳቅ እንዳለበት የሚገባው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ይማም የሮኮን ሂሳብ ከነዋቱ ነገራቸው። አለቃ ጺማቸውን እያሻሹ አዳመጡና "ስንት ፊደል ይበቃል?" አሉ።

"ከአራት ያለፈ ሁሉ ይበቃል። ግን እንዳይጎድል ማብዛት ነው።"

አለቃ በነጋታው ሽማግሌዎች አስከትለው ሻምበሉ ፊት ቀረቡ።

"ስለ ጽሑፉ ሰምተን ደስ ብሎናል" አሉ። "የሚያሳዝነው የእናንተን ፊደል የሚያነብ እዚህ የለም። በእኛ ፊደል ቢሆን ሕፃን ሽማግሌው ያነበው ነበር።"

ይማም ሲተረጉም ሻምበሉ ፈገግ አለ፤ ከእሱ ይልቅ የተደሰተው ግን ሮኮ ነው። "በእናንተ ፊደል 'ሮማ' ስንት ይሆናል?" አለ።

"ሁለት" አለ ይማም፣ መዋሸት ስላልቻለ።

"ጭነቱ በግማሽ ቀነሰልኝ!"

አለቃ ምን እንደተባለ ጠይቀው ሲረዱ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። "በባዶ ስም መጥራትማ ነውር ነው። በእኛ አገር እንኳን የመንግሥት ከተማ የጭቃ ሹምም በባዶ ስሙ አይጠራም። 'ታላቋ ሮማ ለዘለዓለም ትኑር' ነው የሚባለው።"

ሻምበሉ ቃሉን ሁለቴ አስተረጎመው። ሮኮ ግን ፊደሎቹን አስቆጥሮ ወደ ግድግዳው ዞረ። አሥራ አራት ፊደል፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ። ከቀድሞው ጋር አራት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ።

"አይሆንም፣ ሻምበል። ባውዛውን ካላጠፋን አይችለውም፤ ባውዛውን ብናጠፋም ከቤቶቹ አምፖል መቀነስ አለብን።"

"እስረኞች ባሉበት ባውዛ አይጠፋም። ጄኔራሉም ጨለማ ቤት አይገቡም።"

አለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጣልቃ ገቡ። "ችግር ካለ 'ታላቋ' የምትለዋ ትቅር። ጄኔራሉ ለምን ቀረች ብለው ቢጠይቁን፣ ሞተሩ ስላልቻላት ነው እንላቸዋለን።"

ይማም ይህን አንድም ቃል ሳያጎድል ተረጎመው። ሻምበሉ እስከ ጆሮው ቀላ። አሥራ አራቱም ፊደል እንዲሰቀል፣ የጎደለው አምፖል ከጎንደር እንዲመጣ፣ ቫልቮላውም በወፍራም ሽቦ እንዲተካ አዘዘ። ሮኮ ተቃውሞውን ተናግሮ ሲያበቃ መሰላሉን ለማምጣት ሄደ።

ጄኔራሉ በመጣ ዕለት እቴነሽ ስንቅ ስታቀብል ወንድሟን "ዛሬ ጽሑፍ ይበራል" አለችው። "ሲበራ አትነቃነቅ። ሲጠፋ ነው።"

ፀሐይ እንደገባች ጄኔራሉ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሕዝቡም ከግንቡ ሥር ተሰበሰበ። ሮኮ አማተበና ማብሪያውን አወረደው። አሥራ አራቱ ፊደል ቦግ አሉ። አለቃ እጃቸውን ሲያነሱ ሴቶቹ በእልልታ አቀለጡት፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእቴነሽ እልልታ ነበር።

ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ ዳገት እንደያዘ መኪና ማቃሰት ጀመረ። ፊደሎቹ ከቢጫ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ፍም ተለወጡ። ባውዛውም ዓይኑ እየደከመ ሄደ። የሚቃጠል ነገር ሸተተ፤ ሮኮ እየሮጠ ሄዶ ሳይደርስበት ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል ብሎ ቆመ።

ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ሴቶቹ ግን አላቋረጡም፤ እንዲያውም ባሰባቸው። ከጓሮው ግንብ የሚወርደውን የድንጋይ ድምፅ ከእልልታው የለየው ወታደር አልነበረም።

ወታደሮቹ ፋኖስ ይዘው ሲደርሱ በእስረኞቹ ግቢ ውስጥ የቀሩት እግራቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የት እንዳሉ ሲጠየቁ "እኔ ጽሑፉን ሳነብ ነበር" አሉ።

በማግስቱ ጄኔራሉ ራሱ ባለበት ሻምበሉ አለቃን አስጠርቶ ቃሉን ያመጣው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

"እኔ ነኝ" አሉ አለቃ። "ታላቋ ሮማ ለዘለዓለም ትኑር ማለት ጥፋት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ይማም ቃል በቃል ተረጎመ። ጄኔራሉ አለቃን ትቶ ወደ ሻምበሉ ዞረና የሞተሩን አቅም ጠየቀው። ሻምበሉ ከዚያ ወር ሳያልፍ ወደ ቆላ ተዛወረ።

እቴነሽም ሱቅ መጥታ ለወንድ የሚሆን ወፍራም ጋቢ መረጠች። ለማን እንደሆነ አላለችም። ይማም አርበኞቹ ባሉበት፣ ከጋፋት ወዲያ፣ ብርድ እንደሚበረታ ነግሯት ከዚያ የወፈረ ሌላ አወረደላት።

ሮኮ የተቃጠለውን ሞተር ሽቦ አውጥቶ እንደገና ሲጠመጥም ሰነበተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይማም አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ቀና ሳይል ጠየቀው።

"በቋንቋችሁ ያንን ነገር በአጭሩ ማለት አይቻልም ነበር?"

ይማም "ይቻል ነበር" አለ።

ሮኮ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ አቀበለውና "ወጥረህ ያዝልኝ" ብሎ መጠምጠሙን ቀጠለ።