ከሐዲዱ ምሰሶ የተቀጠለው ሽቦ

ንጋቷ የልጆቿን ልብስ ከሽቦው ላይ እየለቀመች አልጋው ላይ ትጥላለች። ከጣሪያው ሥር ቤቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ይህ ሽቦ አምስት ዓመት ሙሉ ልብስ ሲሰቀልበት ኖሯል። ሌላው ጫፉ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወጥቶ ሐዲዱ ዳር ካለው ምሰሶ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። ለባቡሩ ምልክት መብራቶች በተዘረጋው መስመር ላይ ኃይል ለሙከራ የተለቀቀ ጊዜ ባሏ አለምነህ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ቀጠለው። አንድ ሳምንት አምፖል በራላቸው። ከዚያ መስመሩ ሞተ። ከአንኮበር በታች ያለው ቆላ እንደ ድሮው ጨለማ ሆነ፤ የሽቦው መቀጠልም ተረሳ።

ዛሬ ጠዋት ከጎልማሶች ትምህርት ስትመለስ የሐዲዱ ማቋረጫ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፊደል በፊደል አነበበችው። ነገ ጠዋት ኃይል ይለቀቃል ይላል። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ አነበበችው። ያው ነው።

ደብረ ብርሃን የቀን ሥራ ላይ ላለው ለአለምነህ ደወለች።

"ከቅዳሜ በፊት አልመጣም" አላት። "ሦስቴ እንለቃለን ብለው መቼ ለቀቁ? ተይው ባክሽ።"

"ቢለቁስ? ሽቦው ቆርቆሮውን ነክቷል እኮ።"

"ፈትተሽ ወደ ውጭ ጣይው።"

"ልጆቹ ይረግጡታል።"

"ለማቋረጫው ዘበኛ ብቻ እንዳትነግሪ። ያስሩኛል።"

ጎረቤቷ ታንጉ በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር። "ፊደል ቆጠርሽና ጭንቀት ገዛሽ። እኛ ሳናነብ ምን ሆንን?"

"የእኔና ያንቺ ግድግዳ አንድ ቆርቆሮ ነው፣ ታንጉ።"

ታንጉ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

ንጋቷ በደከመ እግሯ እስከ ማቋረጫው ሄደች። ዘበኛው ጋሽ ወልደኪዳን ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ወዲያ የመስመር ሠራተኞች መሰላላቸውን መኪና ላይ ይጭናሉ። ነገሩን ለጋሽ ወልደኪዳን አስረዳቻቸው።

"ማን ነው የቀጠለው?" መዝገባቸውን ገለጡ።

"እሱን ይተዉትና ያስቆርጡልኝ፣ ጋሼ።"

"እንዲያ አይሆንም ልጄ። የቀጠለው ሰው ካልታወቀ ፖሊስ ሳያየው ሠራተኞቹ አይነኩትም። ፖሊስ ደግሞ የሚመጣው ነገ ከሰዓት ነው። ስሙ የተጻፈ ሰው ወረዳ ቀርቦ ይጠየቅበታል፤ እሱን ከወዲሁ ልንገርሽ።"

መሰላሉ ተጭኖ አለቀ። ሾፌሩ ገብቶ በሩን ዘጋ።

"እኔ ነኝ" አለች።

ጋሽ ወልደኪዳን መጀመሪያ የሦስት ሰው ቁመት የሚያህለውን ምሰሶ፣ ቀጥሎ እሷን አዩ። "አንቺ? እዚያ ላይ ወጥተሽ?"

"አዎ።"

"በዚህ ቀሚስ?"

"በዚህ ቀሚስ፣ ጋሼ። ይጻፉት፤ መኪናው ሳይሄድ።"