እንትፍ ያላለችው ልጅ

ይዘንጋሽ ወዳጆ አንዴ የሰማችውን አትረሳም ነበር። ገና በአምስት ዓመቷ፣ አባቷ ዘንድ ማረሻ ሊያሠሩ የሚመጡ ገበሬዎች የተናገሩትን ሁሉ ከነሳላቸው መልሳ ትናገር ነበር። ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ደግሞ የክፍሏ መጻሕፍት አልበቋት አሉ። አራተኛ ክፍል ሳለች የስምንተኛ ክፍሎችን የሒሳብ ጥያቄ በመስኮት አሻግራ አይታ በልቧ ትፈታው ነበር።

እናትና አባቷ በዚህ ደስ ሊላቸው ሲገባ ይፈሩ ነበር። ቤታቸው ከሞላሌ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቷ ወዳጆ ብረት ይቀጠቅጣል፤ እናቷ ኮከቤ ሸክላ ትሠራለች። አገሬው ጠይብ ይላቸዋል። ማረሻውን በእነሱ ያሠራል፣ ማሰሮውን ከእነሱ ይገዛል፤ ለቅሶ ላይ ግን ለብቻቸው ያስቀምጣቸዋል፣ በጽዋቸውም አይጠጣም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይላል። ልጁ በታመመ ቁጥርም ቀድሞ የሚያየው ወደ እነሱ ጎጆ ነው። ስለዚህ ወዳጆ ልጁን ከትምህርት ቤት ባያስቀራትም፣ ማታ ማታ ደብተሯን ስታገላብጥ እያያት ደጋግሞ ይመክራታል።

«እወቂ ልጄ። ግን አታሳውቂ።»

በ1998 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ተነገረ። ይዘንጋሽ ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ተማሪው በባንዲራው ዙሪያ ተሰልፎ ሳለ ርእሰ መምህሩ ምንይሉ ከአምስተኛ ክፍል አንደኛ የወጣው ይታየው ምንይሉ ነው አሉ። ይታየው የገዛ ልጃቸው ነው። ይዘንጋሽ ሁለተኛ ተባለች።

ይዘንጋሽ ግን መምህራኑ ውጤት ሲያነቡ ሰምታ ስለነበር የክፍሉን ልጆች ሁሉ ማርክ ታውቀው ነበር። የእሷ ድምር ከይታየው በአሥራ ዘጠኝ ይበልጣል። ሰው ፊት ምንም አልተናገረችም። ሰልፉ ሲበተን ወደ ቢሮ ሄዳ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ ምናልባት በድምር ስሕተት ተፈጥሮ እንደሆነ መምህር እንዲያዩላት ጠየቀች። ምንይሉ ከየት አውቀሽ አሏት። የእሷንና የይታየውን ማርክ በየትምህርቱ ተራ በተራ ነገረቻቸው።

ቢሮው ውስጥ ሁለት መምህራን ነበሩ። ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ። ምንይሉ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«የውጤት መዝገብ ሰርቀሽ ነው ያየሽው» አሏት። «ወይስ በዚያ በዘርሽ ዓይን ነው ልጄን የምትቆጥሪው?»

እኒሁ ሰው ናቸው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ ይህ ጎጂ ልማድ ነው ብለው ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪዎቹን ያስገለበጧቸው። ይዘንጋሽ ቀኑን ሳይቀር ታስታውሰዋለች፤ ግን አልተናገረችም። ከባንዲራው ሥር ጠጠር ላይ ተንበርክካ ዋለች። ወላጅ አምጪ ስለተባለችም በማግሥቱ ወዳጆ መጥቶ፣ ያልተሰረቀውን መዝገብ ሰርቃለች ብሎ አምኖ፣ ወለሉን ስሞ ይቅርታ ጠየቀላት። አባቷን እንዲያ ጎንበስ ብሎ ስታየው ከጠጠሩ ይልቅ ያ አመማት።

በሦስተኛው ቀን ይታየው ታመመ።

ወሬውን ያመጣችው ከውሃ የተመለሰችው ኮከቤ ናት። ሴቶቹ ስታልፍ ዝም እንዳሉ፣ አንዷም ልጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደደበቀች ተናገረች። ወዳጆ መዶሻውን አስቀምጦ ከወናፉ አጠገብ ተቀመጠ። እንሽሽ ብትል ሚስቱ፣ ከሸሸንማ አመንን ማለት ነው አላት። በሩን ዘግተው ቢቀመጡም ያው ነበር። ይዘንጋሽ ደብተሯን ከእህሉ ጆንያ ሥር ቀበረችው።

ጠዋት ረፋዱ ላይ አራት ሰዎች ዱላ ይዘው መጡ። ከፊታቸው ምንይሉ ነበሩ፤ ጫማቸውን እንኳ አላሰሩም። ልጁ ሌሊቱን ሲቃዥ የይዘንጋሽን ስም ጠርቷል፤ ስለዚህ መጥታ እንትፍ ትበልበትና ትልቀቀው አሉ። የዚያ አገር ሰው በዓይን የበላ ሰው በምራቁ ይለቃል ብሎ ያምናል።

ወዳጆ ገባው። ይዘንጋሽ እንትፍ ካለች በኋላ ይታየው ቢሞት፣ በልታዋለች ማለት ነው። አልልም ብትልና ቢሞትም ያው። ቢድንም በልታው ነበር ይባላል። ወደ ዱላዎቹ ተመለከተና ልጁን በእጇ ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ። ኮከቤ ከኋላ ተከተለች።

ይታየው ግድግዳው ሥር መደብ ላይ ተኝቷል። ጤና አዳም አሽትተውታል፤ ቤቱ ሰው ሞልቷል። እናቱ ጥሩሸዋ ከራስጌው ተቀምጣ እጁን ይዛለች። በሩ ሲከፈት ልጁ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ፣ ብርሃኑን ዝጉልኝ ብሎ አቃሰተ። ይዘንጋሽን ገፍተው ከመደቡ አጠገብ አቆሟት። አፏ ደርቆ፣ እንትፍ በይ ቢሏትም የምትተፋው ምራቅ አልነበራትም።

ልጁ አስታወከ። ጥሩሸዋ አፉን ልትጠርግለት ጭንቅላቱን ቀና ልታደርገው ስትሞክር ትከሻውም እንደ ደረቅ እንጨት አብሮ ተነሣ፤ አንገቱ አልታጠፍ አለ። ይታየው ጮኸ።

በዚያን ጊዜ ይዘንጋሽ ያየችው ነገር በጤና ኬላው በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ጋር ገጠመላት። ወረቀቱን ያነበበችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እናቷን ለክትባት ተከትላ የሄደች ቀን።

«እንትፍ በይ!» አሉ ምንይሉ።

ይዘንጋሽ ወደ እሳቸው አልዞረችም። ወደ ጥሩሸዋ ዞረችና በክፍል ውስጥ እንደሚያነብ ልጅ በቀጭን ድምፅ ጀመረች።

«ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን መፍራት። እነዚህ ምልክቶች የታዩበትን ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። የማጅራት ገትር በሽታ በጊዜ ከታከመ ይድናል።»

አንድ ሰውዬ ዱላውን አነሣ። ጥሩሸዋ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ጥሩሸዋ ፊደል አልቆጠረችም። ባሏን ቀና ብላ አየች።

«ይህች ልጅ የምትለው የተጻፈ ነገር ነው?»

ምንይሉ ወዳልታሰረው ጫማቸው አቀረቀሩ።

«አንተን ነው። ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም?»

ያው ወረቀት በቢሯቸው ግድግዳ ላይም ተለጥፏል። በገዛ እጃቸው ነው የለጠፉት።

«ተጽፏል» አሉ በመጨረሻ።

ጥሩሸዋ ከዚያ በኋላ ማንንም አላማከረችም። ቃሬዛ ይምጣ አለች። ጠበሉ ይቅደም ያሉ ነበሩ፤ ጠበሉን በጠርሙስ ይዤው እሄዳለሁ አለቻቸው። ስምንት ጎልማሶች እየተፈራረቁ ልጁን ተሸክመው የሞላሌን መንገድ ያዙ። ምንይሉም አብረው ወረዱ።

ይዘንጋሽን ግን አልለቀቋትም። የልጁ ነገር እስኪታወቅ ትቆይ ተባለና ከቤቱ ጎን ያለው የበግ ጋጣ ውስጥ ዘጉባት። ወዳጆና ኮከቤ አጥሩ ሥር ተቀመጡ፤ ሂዱ ቢሏቸውም አልሄዱም።

ጠባቂዎቹ ከጋጣው ውጭ ያወሩ ነበር። ይዘንጋሽ ሁሉንም በድምፃቸው ለየቻቸው፤ ሁሉም የአባቷ ደንበኞች ናቸው። ልጁ ከሞተ ጎጆው ይቃጠል አለ አንዱ። ሌላው ነፋሱ እሳቱን ወደ ገብሱ ክምር እንዳይወስደው ሲነጋ ይሻላል አለ። ስለ ወናፉ፣ ማን እንደሚወስደው፣ እንደ ቀላል ነገር ተጨቃጨቁ። ሌላ ልጅ ቢሆን ጆሮውን ደፍኖ አንዱን ይሰማ ሌላውን ይረሳ ነበር። እሷ ግን አንዲት ቃል አልጠፋባትም። በጎቹ አሙቀዋት ተኝተው ሳለ ያንኑ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግማ ደግማ ትሰማው ነበር። የወረቀቱንም ቃል ትመረምራለች። «በጊዜ ከታከመ» ይላል። ጊዜው ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አልጻፉትም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ብቻውን ዳገቱን ሲወጣ ታየ። ብቻውን በመምጣቱ ኮከቤ ደረቷን መታች። ሰውየው ሲደርስ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ፤ ከዚያ ልጁ መርፌ እንደተወጋና ዓይኑን እንደገለጠ ተናገረ። ሐኪሙ ግማሽ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አልቆለት ነበር ብሏል።

የጋጣው በር ተከፈተ። ይቅርታ ያላት የለም። «ለቀቀችው» ተባባሉና ወደ ሥራቸው ተበተኑ።

ይታየው ዳነ፤ የግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ይዘንጋሽ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። በሦስተኛው ሳምንት ጥሩሸዋ ልጇን ይዛ ወደ ወዳጆ ጎጆ መጣች። ግቡ ሳትባል ገባች፣ ውሃ ስጡኝ አለች፣ በኮከቤም ዋንጫ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ኮከቤ ባዶውን ዋንጫ ተቀብላ የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ቆመች። ጥሩሸዋም ልጇ የአስተማሪውን ቃል በደንብ ስለማይሰማ ይዘንጋሽ በቀኙ ተቀምጣ ትንገረው ብላ ለመነች። አንደኛነቱ የይዘንጋሽ እንደነበር ይታየው ራሱ ለእናቱ ነግሯት ነበር።

ይዘንጋሽ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ምንይሉ በኮሪደሩ ሲያገኟት መንገድ ይቀይሩ ነበር፤ ክረምት ሲገባም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። ጥሩሸዋና ይታየው ግን እዚያው ቀሩ። ቢሆንም ለይዘንጋሽ ነገሩ አላለፈላትም። በየፈተናው ሁለት ሦስት ጥያቄ አውቃ ትሳሳት ጀመር። አንድ ቀን ይታየው ወረቀቷን አይቶ፣ ይህንንማ ትናንት ለእኔ ያስረዳሽኝ ነው አላት። ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛ ሦስተኛ እየወጣች ሰባተኛን ጨረሰች፤ ማንም አላያትም፤ ማንም አልታመመም።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሞላሌ ነበር የተሰጠው። ፈታኞቹ ከሌላ ወረዳ የመጡ ናቸው። አንዲት ፈታኝ ወረቀቱ የሚታረመው ሩቅ አገር እንደሆነ፣ የሚያርመው ሰው የሚያየውም የተፈታኙን ቁጥር ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ይዘንጋሽ እጇን አነሣችና ቀስ ብላ ጠየቀች።

«የአባት ስም አይታይም?»

«አይታይም» አለቻት ፈታኟ።

ይዘንጋሽ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም ወደ ወረቀቱ አቀርቅሯል። እርሳሷን አነሣችና ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምራ፣ አንድም ሳትዘል፣ የምታውቀውን ሁሉ ሠራች።