የኢታና ውል

ኢታና የቀናው ዕለት የሚያቆመው የለም። ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ ይገባና ከየትም ይወርውራት ከየት ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ያው ሰውዬ ቅርጫቱ የት እንደተሰቀለ የጠፋበት ይመስላል። የጉርድ ሾላው ቅርጫት ኳስ ቡድን ኮሚቴ ውሉ ይታደስ አይታደስ እያለ ሲነታረክ ከርሞ፣ በመጨረሻ ነገሩን አሰልጣኙ ግሩም ጫንቃ ላይ ጣለው። የኮሚቴ ሥራ ይኸው አይደል!

ግሩም ሊያድስለት ቆርጦ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ኢታና ልምምድ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። እናቱ ወይዘሮ ጂቱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እየተጣደፉ ሆስፒታል መጡና ሁሉን ነገር ለግሩም ዘረገፉለት።

«ጨዋታ ሲደርስ እንጦጦ ወጥቶ ይጾማል። እህል ውኃ አይልም። አንድ ጊዜ ጾሞ ወርዶ አገር ጉድ እስኪል ተጫወተላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ማን ይመልሰው? ሲሳካለት ጾሜ ነው ይላል፤ ሳይሳካለት አልበቃም ብሎ ይጨምርበታል። እኔም ጌታን አምናለሁ፣ እጾማለሁ። ይኼ ግን ጾም አይደለም ልጄ፣ ራስን መግደል ነው።»

ግሩም አፈረ። ልጁን ሰነፍ እያለ በሰው ፊት ሲያብጠለጥለው የኖረው ለካ በረሃቡ ነው። ሐኪሙም «ልቡ ተጎድቷል፣ ይህን ከደገመ አይተርፍም» ብሎ እቅጩን ነገራቸው።

ግሩም እዚያው ወሰነ፤ ውል የለም። ኳስ ከሌለ ልጁ ለምን ብሎ ይጾማል? ኢታና ከሆስፒታል እንደወጣ ጠርቶ በደፈናው «አልታደሰልህም» አለው። ምክንያቱን ብነግረው ይከራከረኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ኢታና አንገቱን ደፍቶ «እሺ ኮች» ብሎ ወጣ።

ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ጂቱ ደወሉ። «እንጦጦ ወጣብኝ። ውሉ ካልታደሰ አልወርድም ብሏል።»

ግሩም መኪናውን ከመንገዱ ዳር ጥሎ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። ኢታና ባሕር ዛፎቹ መሐል ጋቢ ተከናንቦ ግንድ ተደግፏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ግሩም የውኃ ጠርሙስ ቢያቀርብለት እንቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው እንዴ?»

«ሐኪሙ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ፣ ኮች።»

ግሩም ተቆጣው፣ ለመነው፣ በእናትህ ብሎ ተማጸነው። ወይ ፍንክች! ያን ቁመት ተሸክሞ ቁልቁለቱን እንዳይወርድ አቅም የለውም፤ ሰው እንዳይጠራ ስልኩን መኪናው ውስጥ ረስቶታል፣ ትቶት መሄድም ፈራ። ልጁ ዓይኑ እያየ ሊሞትበት ነው። ግሩም በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም።

«ታድሶልሃል» አለው በመጨረሻ። «ኮሚቴው ዛሬ ወሰነ። በል ጠጣ!»

ኢታና ለአፍታ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ጠርሙሱን ተቀብሎ አንድ ሁለቴ ተጎነጨና አቆመ። እንባው ወረደ።

«አየህ አይደል፣ ኮች? አንተ እንኳን እንቢ ብለህ ነበር። ጌታ ግን ሰማኝ። ከእንግዲህ አንድም ጨዋታ ሳልጾም አልገባም።»

ግሩም ውሸቴን ነው ሊለው አፉን ከፈተ። ጠርሙሱን አየ፤ ገና ግማሽ እንኳ አልጎደለም።

«ጠጣ» አለው።