የዐረቡ ሚስት ገንፎ

ወረታ ውስጥ ገንፎዬን የመለሰ ሰው አልነበረም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ ሰፈሩን ይጠይቅ። ከጭቃ ሹሙ ምራት ጀምሮ እስከ ሸማኔው ሚስት ድረስ፣ በእኛ መንደር የወለደች ሁሉ የአራስነት የመጀመሪያ ጉርሻዋ ከእኔ ድስት የወጣ ነው። "ካሰች ትሥራላት" ከተባለ ሌላ ሴት ማማሰያ አታነሣም። እንግዲህ በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ክረምት አንዲት ገና ልጅነቷን ያልጨረሰች አራስ፣ ገንፎዬን ከነእንፋሎቱ ገፋ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞርብኝ ምን እንደሆንሁ አስቡት። ደሜ ፈላ!

ልጅቱ ነጂባ ትባላለች። ባሏ ሳልሕ የመን ተወልዶ ወረታ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ስኳርና ላምባ፣ መርፌና ክር የሚሸጥ ሰው ነው። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ሲያስል እንኳ እሰማዋለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አገሩ ሄዶ እሷን አገባና በግንቦት ይዟት መጣ። ከአማርኛ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "እሺ"። እንዴት አደርሽ ሲሏት እሺ፤ ዝናቡ መጣ፣ ልብስሽን አስገቢ ሲሏትም እሺ፤ ልብሱ ግን እዚያው ሲበሰብስ ያድራል። እየሣቅሁ እኔው አስገባላት ነበር። ወደድኋት፣ ምን ልበላችሁ!

ሳልሕ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ጎንደር ሲነሣ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

"ካሰች እኅቴ፣ ሳትወልድ እደርሳለሁ። እስከዚያው አደራሽን" አለኝ።

"ሂድ፣ ለኔ ተዋት! ስትመለስ ወፍራ በደጅ አልገባ ብላ ታገኛታለህ" አልሁት። አፌ መቼም ቀድሞኝ ነው የሚሄደው።

እሱ እንደሄደ የርብ ወንዝ ሞላ። የፎገራን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳው እንዳለ ውኃ ይሆናል፣ ከብቱ ወደ ከፍታው ይሸሻል፣ የጎንደሩ መንገድ ከነድልድዩ ይጠፋል። ሳልሕ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ቁሞ ቀረ የሚል ወሬ መጣ። የእስላሞቹ ሰፈርም ከውኃው ማዶ ሆነና ከነጂባ ጋር የቀረነው እኛው ጎረቤቶቿ ብቻ ሆንን። ዐረብኛ የሚሰማ ሰው የለም፣ እሷ አማርኛ አትሰማም። ምጡ የመጣው በዚህ መካከል ነበር፤ ጾመ ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ።

ምጡንስ ተወጣችው። አዋላጇ ጥሩሰው እጇ ቀና ነውና ሴት ልጅ በደኅና ተገላገለች። እልልታውን አቀለጥነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አልናት። "እሺ" አለችን፣ ላቡ ከፊቷ እየወረደ። እኔም በሩጫ ቤቴ ገብቼ የገብስ ዱቄቴን አወጣሁ፣ ቅቤዬን አንጥሬ፣ በርበሬዬን ደኅና አድርጌ ነስንሼበት ይዤላት መጣሁ። አንድ ጊዜ ጎረሠች። ሳለች፣ ዓይኗ በእንባ ሞላ፤ ገበታውን ገፋችው።

ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። ሌላ ገንፎ ሠርቼ ይዤ ብመጣ ቀይ መሆኑን ከሩቅ አይታ ዞረች። አጥሚት ቀረበላት፣ አሽትታ መለሰች። ዳቦ ተሰጣት፣ እሺ ብላ ከትራሷ ሥር አስቀመጠችው። ውኃ ብቻ። አጥንቷ ፊቷ ላይ መቆም ጀመረ።

እኔ ደግሞ ሰው የሚያዝንበት ቦታ ላይ መቆጣት ልማዴ ነው። "የክርስቲያን እጅ ተጠየፈች!" አልሁ ለጥሩሰው። "ሥጋ እንደማንጋራ እኔም አውቃለሁ። ገንፎ ግን ምን ታረደበት?"

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ የሰፈራችን መነኩሲት እማሆይ ወለተ ሐና ደጃፉ ላይ መጥተው ቆሙ። ገሣቸውን ከራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ዝናቡ ከጫፉ እየተንጠባጠበ። አራስ ቤት የገባ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም ይባል ነበርና፣ እማሆይ በፍልሰታ ቅዳሴ ሊቀርባቸው ነው? ከደጅ ሁነው ነው ሁሉን የሚያዙት።

"በላች?"

"አልበላችም እማሆይ።"

"ቅቤውን አብዝተሽባት ይሆናል።"

"አላበዛሁም!"

"ቀምሰሽዋል?"

"በፍልሰታ እንዴት ብየ ልቅመሰው እማሆይ? እኔ በዓይኔ ነው የምሠራ። ስንት ዘመን በዓይኔ ሠርቸ አንድ ቀን ተሳስቸ አላውቅም!"

እማሆይ ጆሯቸውን ወደ ውስጥ ጣል አድርገው ጥቂት ቆዩና፣ "አንች ካሰች፣ የሕፃኗ ድምፅ እኮ ሳስቷል" አሉኝ።

እውነት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሰፈሩን ያስነሣች ልጅ አሁን እንደ ጫጩት ነው የምትጮኸው። የእናቷ ጡት ደርቋል፤ ብትስበው ምንም የለም። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ፈራሁ። ሳልሕ ውኃውን ተሻግሮ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? ወፍራ ታገኛታለህ ያልሁትን ሰው ወደ መቃብር ልወስደው ነው?

"እፊቷ ነው የምሠራው!" ብዬ ጮህሁ። "እጄ የነካውንም ያልነካውንም በዓይኗ ትየው!"

ድስቴን፣ ዱቄቴን፣ ቅቤዬን፣ በርበሬዬን ተሸክሜ ገባሁ። እሳቱን ከአልጋዋ አጠገብ አነደድሁ። ውኃው ሲንተከተክ ዱቄቱን ነሰነስሁና ማማሰያዬን ይዤ ገጠምሁ። ገንፎ ልፊያ ይፈልጋል፤ ድስቱን በእግሬ ደግፌ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ አማሰልሁት። ዱቄቱ መፈንዳት ሲጀምር ያ ፎሽ ፎሽ የሚለው ድምፅ ተሰማ።

ነጂባ ተነሥታ ተቀመጠች።

ቀና ብዬ ሳይ ዓይኗ ድስቱ ላይ ተተክሏል። "አሲዳ?" አለች። በጣቷ ገንፎውን እያሳየች እንደገና፣ አሁን ድምፅ አውጥታ፣ "አሲዳ! አሲዳ!"

"ምን አለች?" አሉ እማሆይ ከደጅ።

"እኔ ምን አውቃለሁ! ተነሣች እማሆይ፣ ከአልጋዋ ወረደች!"

ወርዳ መጥታ ማማሰያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ልከለክላት ነበር፣ አራስ ናት። ግን አያያዟን ሳይ እጄን ሰበሰብሁ። ድስቱን በእግሯ ደግፋ ወገቧን ሰበር አደረገች፤ ልክ እንደኔ፣ ልክ እንደ እናቴ! እየደጋገመች ወደ ራሷ ሳበችው፣ አገላበጠችው፣ የጓጎለውን በድስቱ ጎን ላይ ደመሰሰችው። ከዚያ እጇን ውኃ አስነክታ ገንፎውን ገበታው ላይ ገለበጠችና ዳር ዳሩን አድበልብላ አለሰለሰችው። መጨረሻ ላይ በጭልፋው ጀርባ መካከሉን ጫን አድርጋ ጉድጓድ አወጣችለት።

"እማሆይ!" አልሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። "ጉድጓድ ሠራችበት!"

"የምን ጉድጓድ?"

"የቅቤ ጉድጓድ! ማን ነገራት? እኔ አልነገርኋት! አገራቸው ገንፎ አለ እማሆይ! ገንፎ አላቸው!"

እንዴት እንደተደሰትሁ! ባሕር ተሻግራ የመጣች ልጅ የናቴን ጉድጓድ ስትቆፍር አየሁ እኮ። ቅቤውን አፈሰስሁበት። በርበሬውን ቆንጠር አድርጌ ላክልበት ስል እጄን ቀለብ አደረገችው። "ላ፣ ላ!" እያለች ራሷን ነቀነቀች፤ ምላሷን አውጥታ በመዳፏ አራገበችው። ለካ በርበሬዬ ነው! ሦስት ቀን ሙሉ የተጠየፈችው እጄን ሳይሆን በርበሬዬን ነው! አጥሚቱንም ዳቦውንም እሱ ያለበት መስሏት ኑሯል! እኔ እኮ የክርስቲያን እጅ ጠላች እያልሁ ለጥሩሰው ሳወራ ከረምሁ።

"እሺ!" አልኋት። "በርበሬ የለም! ብይ በቃ!"

አልበላችም። ገበታውን እያየች የሆነ ነገር እንደጎደለባት ዓይኗ ተንከራተተ። መደርደሪያውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በስመ አብ! ሁለት እጇን ከጆሮዋ ጎንና ጎን ታርገበግበው ጀመር። "ዝዝዝዝዝ" እያለች በክፍሉ ዞረች፤ አንድ ጊዜ ቋሚው ላይ፣ አንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ ትጠጋለች፤ ቀጥላ ወደኔ መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ! ኧረ ቁንጥጫ ነው!

"ዛር ነው!" አሉ እማሆይ ከደጅ ሲያዩ። "ርኃብ አዳክሟት ያዛት! ያዣት ካሰች፣ እንዳትወድቅ!" ከብብታቸው የጸበል ጠርሙሳቸውን አውጥተው ከደጃፉ እንደቆሙ ረጩት። ግማሹ እኔ ፊት ላይ አረፈ።

ነጂባ ጠብታው ከቅንድቧ ላይ እየወረደ ደንግጣ ቆመች። ደግማ "ዝዝዝ" አለች፤ አሁን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንባዋ እየመጣ። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ መጠጠችው። እኔ ደግሞ ያ የቆነጠጠችኝ ቦታ እየቆጠቆጠኝ እያሻሸሁ ነበር፤ እዚያው ላይ እያለሁ ገባኝ።

"ንብ!" ብዬ ዘለልሁ። "ንብ ናት እማሆይ! ነድፋኝ እኮ ነው! ማር ነው የምትለው፣ ማር አምጡልኝ ነው የምትለው!"

እማሆይ የጠርሙሱን ክዳን መልሰው ገጠሙ። በነሐሴ ማር ከየት ይመጣል? ቀፎ የሚቆረጠው አደይ አበባው ካበበ በኋላ ነው፤ የባለፈው ዓመት ማር በየቤቱ ካለቀ ቆይቷል። አንድ ቤት ብቻ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። እማሆይ ለኪዳነ ምሕረት ማኅበር ብርዝ የሚሆን ነጭ ማር፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ ሙሉ፣ ከጎጇቸው አስቀምጠዋል። በዓሉ ደግሞ ደርሷል።

"እኔ ምንም አልጠየቅሁም እማሆይ" አልሁ።

"ዓይንሽ ጠይቋል" አሉኝ። ሕፃኗ ያቺን የሳሳች ጩኸቷን አሰማች። እማሆይ ገሣቸውን ሳብ አድርገው፣ "እመቤቴም ወልዳለች፤ እሷ ታውቀዋለች" አሉና ዞሩ። ከዚያ ሮጡ! እማሆይ ወለተ ሐና ሲሮጡ ያየ ሰው በወረታ ከኔ በቀር የለም። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየተፈናጠረ፣ መቋሚያቸውን እያወናጨፉ ሄዱ፤ ማሰሮውን እንደ ልጅ አቅፈው ተመለሱ። በደጃፉ አቀበሉኝ። ሲያቀብሉኝ ትንፋሻቸው ተቆርጦ ነበር።

ማሩ ቅቤው ላይ ሲወርድ ነጂባ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ተቀመጠች፤ በላች። በስሱ አይደለም፤ ከዳሩ እየቆረሰች፣ ጉድጓዱ ውስጥ እየነከረች፣ እያለቀሰች በላች። "ዑሚ፣ ዑሚ" ትላለች በየመካከሉ። እናቷን እየጠራች እንደሆነ ለማወቅ ዐረብኛ አያስፈልግም። እኔም አለቀስሁ፤ ደስታው እንዴት አድርጎ ዝም ያስብለኛል?

ግማሹን ስትጨርስ ልጇን አቅፋ ሸለብ አደረጋት። እኔና እማሆይ፣ እኔ ከውስጥ እሳቸው ከውጭ፣ ድምፅ ሳናሰማ ጠበቅን። ስትነቃ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል። ሕፃኗ ጡቱን ያዘች፣ ሳበች፤ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ ጉጭ ጉጭ፣ መዋጥ!

"ዋጠች!" አልሁ።

"ሰማሁ፣ ሰማሁ" አሉ እማሆይ፤ አማተቡ።

ነጂባ ልጇን በአንድ ክንዷ እንደያዘች በሌላው እጇ ገበታውን ሳበች። ትልቅ ገንፎ ቆረሰች። ቅቤው ውስጥ፣ ማሩ ውስጥ አገላብጣ ነከረችና ወደኔ ዘረጋችው፤ ወደ አፌ።

ደረቅሁ። ፍልሰታ ነው። ከጣቷ የሚንጠባጠበው ቅቤ ነው። በሕይወቴ አንድም ጾም ገድፌ አላውቅም፤ ታምሜ እንኳ አልገደፍሁም። እጇ ተዘርግቶ ቆየ። ቅቤው ወደ አንጓዋ ወረደ። ፊቷ ላይ የነበረው ሣቅ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ፤ እጇም ዝቅ ማለት ጀመረ። ገንፎዬን ስትገፋብኝ እኔ ያሰብሁትን፣ አሁን እሷ እያሰበች ነበር።

እማሆይን አየኋቸው።

"እኔ ዝናቡን ነው የማየው" አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። "ለንስሐ አባትሽ ግን ራስሽ ትነግሪያለሽ።"

አፌን ከፈትሁ።

ትኩስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ማሩ ከቅቤው ጋር ጉሮሮዬን እያሞቀ ወረደ። ግን ምላሴ አንድ ነገር ፈልጎ አጣ። አኘክሁ፣ ደግሜ ፈለግሁ። ጨው! ያን ሁሉ ተሸክሜ ስገባ ጨው ረስቻለሁ! በዓይኔ ነው የምሠራው ያልሁት ሴትዮ፣ ለአራስ አልጫ ገንፎ አብልቻለሁ፤ እሷም ግማሹን ያለ አንድ ማጉረምረም እያለቀሰች በልታልኛለች።

ነጂባ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው ወይ ማለቷ ነው። ዐረብኛ ከየት አመጣለሁ?

"እሺ" አልኋት፣ አፌ እንደሞላ።