ልቡ ነው በሉ

«ልቡ ነው» አለ ሃብተጽዮን፣ በር ላይ ለሚያቅፈው ሁሉ እንደሚለው። «ድንገት ነው የሄደብን። ልቡ ነው።»

ሚስቱ ሓረጉ ሳሎኑ ውስጥ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆና ሰማችውና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ልጃቸው ፍሬምናጦስ ከተቀበረ ወዲህ ይህ ቃል ስንት ጊዜ እንደተባለ አታውቅም። ከጀርባዋ፣ ከቤተ ክርስቲያን በተዋሱት ወንበሮች ላይ፣ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ያወራሉ።

«እስር ቤት ነበር አሉ እኮ።»

«ታዲያ የምን ልብ ነው? እዚያ የሚለምዱትን ነገር አታውቂም?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። ዞር ብላ ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ ግን ባሏ ሆስፒታሉ በር ላይ ትከሻዋን ይዞ ያስማላት ትዝ አላት። «ሬሳው ላይ እስረኛ እንዲሉት አልፈልግም። ልቡ ነው በሉ። አደራ።» ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። እሺ አለችው።

ፍሬምናጦስን ስኳር የያዘው ገና ኤለመንተሪ ትምህርት ቤት እያለ ነው። እናቱ መርፌውን ስትፈራ ጊዜ ኢንሱሊኑን ራሱ መውጋት ለመደ። አድጎም ከአየር ማረፊያው ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር። በዕረፍት ቀኑ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን የአገሩን ሰዎች፣ ሽማግሌዎቹን፣ ክሊኒክ እያደረሰ ያስተረጉማል። አንዴ ደም ግፊት ላለባቸው ለጋሽ ኢስማዒል ግፊትዎ ከፍ ብሏል ለማለት «ደምዎ ረጅም ነው ይላል ሐኪሙ» ብሏቸው፣ ሽማግሌው እስከ ዛሬ ይስቁበታል። ይስቁበት ነበር። አሁን ከሃብተጽዮን አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

ከጓደኛው የተዋሰውን መኪና ሲነዳ ነው ፍሩትቬል የሚባለው ሰፈር ፖሊስ ያስቆመው። መኪናው የተሰረቀ ነው አሉት። ዋስ የሚሆን ገንዘብ ስላልተገኘ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ በካውንቲው፣ በአካባቢው አስተዳደር፣ እስር ቤት ከረመ። በኋላ ክሱ ተዘጋና ለቀቁት። እዚያ እያለ ኢንሱሊኑን ነርሶቹ ይሰጡት ነበር፤ ሲወጣ የሰጡት ቀበቶውንና ስልኩን ብቻ ነው።

ሓረጉ ከእስር ቤቱ በር በቀጥታ ፋርማሲ ይዛው ሄደች።

«ሜዲካልህ አክቲቭ አይደለም» አለችው የፋርማሲዋ ልጅ። ሜዲካል፣ የመድኃኒቱን ዋጋ የሚከፍልለት የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሰው ሲታሰር ይቆማል። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ደግማ ደጋግማ አየችና አፈረች። «ሲስተሙ አሁንም እስር ቤት ነህ ነው የሚለው።»

ፍሬምናጦስ ሳቀ። «ማሚ፣ ለካ አልተፈታሁም!»

ከዚያ ወዲህ የሳቀ አይመስላትም። ሜዲካሉን የሚያስተዳድረው ካውንቲ ጋ ሲደውል ሆልድ አድርገውት፣ መስመር ላይ ጠብቅ ብለውት፣ ሙዚቃ ሲሰማ ይውላል። መፈታቱን እስር ቤቱ ማሳወቅ አለበት ይሉታል። እስር ቤቱ ደግሞ ልከናል ይላል። ቢሮው ድረስ ሄዶ ሲሰለፍም አንዲት ደግ ሴት ማመልከቻውን ተቀብላ «ፕሮሰስ እስኪሆን ጠብቅ» አለችው። ስኳር ግን ጠብቅ ሲሉት አይጠብቅም። አባቱ በክሬዲት ካርዱ አንድ ጠርሙስ ኢንሱሊን ገዛለት፤ የካርዱ ገደብ ሞላ። ፍሬምናጦስም ያንኑ ጠርሙስ ማብቃቃት ጀመረ፣ ግማሽ ግማሹን፣ ኋላ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

«ወሰድክ?» ትለዋለች።

«ወስጃለሁ ማሚ።»

ውሃ ይጠጣል፣ አሁንም ውሃ ይጠጣል። ሲያስመልሰው «ሆዴን ነው፣ ስቶማክ ፍሉ ነው» አላት። ኢመርጀንሲ እንሂድ ስትለው «ቢሉን ማን ይከፍላል? ነገ ሜዲካሉ ይከፈታል» አለ። በማግስቱ ሓረጉ ከምትሠራበት ሆቴል ስትመለስ ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘችው፤ ትንፋሹ ይጮኻል። አምቡላንስ ወሰደው፤ ከሆስፒታል ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ኢንሱሊን በማጣት ነው አላት። ስለ ልብ አልተናገረም።

«ሓረጉዬ።» ከጎረቤት ከተማ ከኤል ሴሪቶ የመጣችው ዘነቡ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበርክካ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች። «እንዳትቀየሚኝ። ሐሙስ ከለቅሶው ብቀር ለክፋት አይደለም። ደምሴ ይፈታል።»

ደምሴ የዘነቡ ልጅ ነው። ታስሮ የነበረው እዚያው፣ ፍሬምናጦስ በነበረበት እስር ቤት ነው። ሓረጉ ያውቀው እንደሆነ ልጇን ጠይቃው ታውቃለች፤ የሚጥል በሽታ ስላለበት ታችኛው አልጋ ላይ ነው የሚተኛው ብሏት ነበር።

«መድኃኒቱስ?» አለች ሓረጉ።

«እሱማ ችግር የለም፤ ሜዲካል አለው። ሲፈታ ከፋርማሲ ያወጣዋል።»

ሓረጉ ቀና ብላ ባሏን አየችው። አሁንም አንድ ሰው አቅፎ «ልቡ ነው» እያለ ነው።

«ዘነቡ፣ ሜዲካሉ አይሠራም» አለቻት ቀስ ብላ።

«እንዴት አይሠራም? ካርዱ እኮ እኔ ጋ ነው።»

«አይሠራም እልሻለሁ! መድኃኒቱን ይዞ ይውጣ። ባዶ እጁን እንዳይለቁት!»

ያቀፈውን ሰው ለቅቆ ሃብተጽዮን ዞረ።

«ሓረጉ።»

«ልቡ አልነበረም» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ልጄ ታስሮ ነበር። ሲፈታ ሜዲካሉ ተዘግቶ ጠበቀው፤ ኢንሱሊን አጥቶ ነው የሞተብኝ። እዚሁ፣ እዚህ ቤት ውስጥ፣ ወስጃለሁ እያለኝ!» የዘነቡን እጅ ጨምድዳ ያዘች። «ሳይወጣ ነርሶቹን ጠይቂ። በስልክ እንዳትጠብቂ፣ ቢሮው ድረስ ሂጂ፣ ካልሰሟችሁ ቁጭ በሉባቸው። መድኃኒቱ ካለቀ ኢመርጀንሲ ውሰጂው፤ ቢል ይምጣ፣ ዕዳ ይምጣ፣ ቤትሽ ይሸጥ! ነገ እንዳትይ። ነገ እንዳትይ ዘነቡ!»

«በቃ!» አለ ሃብተጽዮን። «ምን አለ አሁን በሰላም ቢተኛ?»

«ተዋት» አሉ ጋሽ ኢስማዒል ክንዱን ይዘው። «ተዋት ወንድሜ፣ ትናገር።»

ሃብተጽዮን ክንዱን አስለቅቆ በረንዳ ወጣ። ከጀርባዋ የነበሩት ሴቶች አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሓረጉ እንዲያ የምትጠላው ሐሜት ሲቋረጥ ደስ የሚላት መስሏት ነበር፤ ደረቷ ውስጥ ግን ምንም የቀለለ ነገር የለም። ልጇ ያው ሞቷል፤ ሁሉም ሰው አወቀ እንጂ እሱ አልተነሣም።

ባሏ ከበረንዳው ሲመለስ ማንንም ሳያይ ዘነቡ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የሚለቁት?»

«ጠዋት ነው ያሉኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ እወስድሻለሁ። ያን ቢሮ አውቀዋለሁ። ከፍሬ ጋር ተሰልፌበታለሁ።»

ይህን ብሎ ወደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። ቀጥሎ የገባው ሰው አቅፎት «ምን ሆኖ ነው?» ሲለው ሃብተጽዮን ልቡ ነው አላለም፤ ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ አስቀመጠው።

ወደ ማታ ገደማ ሴቶቹ የተረፈውን ምግብ መሰብሰብ ያዙ። ማቀዝቀዣው እስከ አፉ ሞልቷል። አንዷ ልጅ ሎሚ በእጆቿ ይዛ ቦታ ስትፈልግ በማቀዝቀዣው በር ላይ ያለችውን ትንሽ መደርደሪያ አየች።

«ይቺ ባዶ ናት» ብላ ሎሚዎቹን ደረደረቻቸው።

ሓረጉ ከፍራሹ ተነሣች። ልትደግፋት የተነሣችውን ዘነቡን በእጇ መለሰቻትና ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች።

«እዚያ ኢንሱሊኑ ነው የሚቀመጠው» አለች።

ሎሚዎቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ነጠላዋ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ መደርደሪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።